ጎብኚ ያጣ አስጎብኚ

እነዋሪ ላይ መንገድ መጠየቅ ሥራ ያስፈታል።

እንግዳ ሰው ከመናኸሪያ ወርዶ «የግብርና ጽሕፈት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለ እንበል። ተጠያቂው በጣቱ ጠቁሞ ቢያሰናብተው ምን ነበረበት? አያደርገውም። እኛ ዘንድ እንግዳን በጣት ማሰናበት ከማባረር ይቆጠራል። መጀመሪያ ሰላምታው በወጉ ይደርሳል። ቀጥሎ እንግዳው ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፤ ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ። በአባት በኩል የሚታወቅ ሰው ቢጠፋ በእናት፣ በእናት ቢጠፋ በክርስትና አባት ይፈለጋል፤ አንድ ነገር ሳይገኝ አይቀርም። ያን ጊዜ ተጠያቂው «በል ና፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» ይላል። ውሸቱን ነው። ወደ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሄደው፤ ጤፉም ትከሻው ላይ ነው።

መንገድ ላይም ዝም አይልም። «ይሄ ፎቅ የሰንጋ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ፋሲካው አለፈና ግንባታው ቆመ። ያ ቆርቆሮው የዛገው ደግሞ ድሮ ጠጅ ቤት ነበር። ሴትዮዋ ስታርፍ ልጆቹ ተካሰሱበት፤ ክሱ ደብረ ብርሃን እንደሄደ አልተመለሰም። እዚህ ጋ፣ አየኸው ይህን ረግረግ? አምና ክረምት አንዲት ላንድክሩዘር እስከ በሯ ሰጥማ በበሬ ተጎትታ ወጣች።»

እንግዳው የአካባቢያችንን፣ የጅሩን ጥቁር አፈር እያየ በሬውን ሲያደንቅ፣ አንዲት ዘመድ ከደጃፏ ትጠራቸዋለች። ቡና ፈልቷል። በረካው ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ ሠራተኛው ለምሳ ወጥቷል።

የሚያበሳጨኝ የሚፈጀው ጊዜ አይደለም፤ እነዋሪ ላይ ጊዜ ሞልቷል። የሚያበሳጨኝ «አላውቀውም» የሚል ሰው አለመገኘቱ ነው። ቤቱን የማያውቀውም ሰው ይዞህ ይዞራል። እንዲያውም የማያውቀው ነው አብዝቶ የሚያወራው።

ሌላው ዓለም ይህንኑ ነገር በገንዘብ እንደሚሸጠው የሰማሁት ኋላ ነው። በአውሮፓ ከተሞች አስጎብኚው ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይይዛል አሉ። ሃያና ሠላሳ ሰው ያችን ጃንጥላ እያየ፣ አፉን ዘግቶ፣ ከሐውልት ወደ ድልድይ፣ ከድልድይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይከተለዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አጨብጭቦ ይበተናል። ማንም አይከራከርም፤ ማንም «እንደሱ እንኳ አይደለም» አይልም። ይህን ያወራልኝ ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው፤ እኔ አጨብጭቦ መበተኑን ለማመን ተቸግሬ ነበር።

አገራችንም እየለመደችው ነው። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት፣ በ2016 ደግሞ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ ተራውን ጠብቆ በአስጎብኚ ተመርቶ ዞሯል። በጎንደር ፋሲልና በሐረር ጀጎልማ የቆየ ሙያ ነው። እኛም ታዲያ፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚያስኬድበት ጊዜ፣ አንኮበርን ለመጎብኘት ተነሣን።

«ለመጎብኘት» ያልኩት አሁን ነው። ያኔ እንዲያ ብንል ማንም አይነሣም ነበር። እነዋሪ ሰው የሚንቀሳቀሰው በምክንያት ነው፤ ለክስ፣ ለሕክምናና ለባንክ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ለሰንጋ ገበያ ወደ አዲስ አበባ፣ ለጠበል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ። «ለማየት» የሚባል ምክንያት የለም። ሐሳቡን በሚካኤል ማኅበራችን ላይ ያነሣ ጊዜ አንድ ወጣት፣ የተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦

«እዚያ ምን አለ?»

«የድሮ ቤተ መንግሥት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ፈርሷል።»

«ታዲያ የፈረሰ ቤት ለማየት ነው መኪና የምንኮናተር? የኔ አጎት ቤት አለልህ አይደል፣ በነፃ።»

ነገሩ የዳነው መሪጌታ አንኮበር ላይ ሚካኤል እንዳለ ሲያስታውሱን ነው። ማርያምም አለች፣ መድኃኔዓለምም፣ ጊዮርጊስም፣ ተክለ ሃይማኖትም። «እንሳለማለን» ተባለ፤ ወዲያው ሁሉም ተመዘገበ። መጎብኘት ቅንጦት ነው፤ መሳለም ግን ማን ይከለከላል?

የተጓዦቹን ነገር ሳልነግራችሁ ብሄድ የኋላው አይገባችሁም። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ በጡረታ ላይ ሆነውም ሰው ሲሳሳት ጣታቸው ጠመኔ ይፈልጋል። መሪጌታ አሉ። የሰንጋ ነጋዴ አለ፤ የዓለምን ነገር ሁሉ በኪሎና በብር የሚያይ። ሐሳቡን ያመነጨው ወጣት ስልኩን እንደያዘ አለ። ከሁሉ በላይ ግን እትዬ አሉ።

እትዬ ገና መኪናው ከእነዋሪ ሳይወጣ የቅድመ አያታቸውን ታሪክ ጀመሩ። ቅድመ አያታቸው በምኒልክ ጊዜ ከጅሩ ወደ አንኮበር ለግብር የሚታረድ ሰንጋ ነድተው ሄደው ነበር። ደነባ ላይ ሰንጋው አንድ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሦስት ሆነ። ነጋዴው «ሦስቱን ብቻውን ነው የነዳቸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እትዬ ገልመጥ አድርገውት ነገሩን ለጊዜው አቆሙት።

ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ቆምን። ጋሼ ሻይ ይዘው ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስረዱን። ንጉሡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ከተማ ቆረቆሩ፤ ብዙውን የመጨረሻ ዘመናቸውንም እዚሁ አሳለፉ። ብርሃኑን በ1456፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ናት የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። መሪጌታ በዚህ አልተስማሙም። «ኮከብ ከሆነችማ ሌላው አገርም አይቷታል፤ ሌላው ለምን ደብር አልተከለም?» አሉ። ጋሼ መልስ ሲያስቡ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

እዚያ ከተማ ሻይ ለመቀዝቀዝ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ማስቀመጥ ይበቃል። ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን አዩ እንጂ ብርዱን አላዩትም ባይ ነኝ። ያን ያየው፣ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ይተከል ያለው ሰው ነው።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሜዳ ሆኖ ድንገት ያልቃል። ከታች ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ጉሙ፣ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የአፋር ቆላ። ጎረቤላን አልፈን ከኮረብታው ሥር ስንወርድ፣ አስጎብኚያችን ቆቡን አስተካክሎ ጠበቀን። ልጅ እግር ነው። ትሑት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

ነጋዴው ቀድሞ ወረደ።

«ስንት ነው?»

ልጁ ዋጋውን ነገረው።

«ግማሹን እኛ እናውቀዋለን። የማናውቀውን ብቻ ንገረንና በግማሽ ዋጋ ጨርስ።»

ልጁ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው።

ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «እንኳን ወደ ጥንታዊቷ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በሰላም መጣችሁ» ብሎ ጀመረ። በቃሉ ያጠናው ነው፤ ግን በደንብ ነው ያጠናው። «ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ያስተዳደሩት ከዚህ ሆነው...»

«በማን አቆጣጠር?» አሉ ጋሼ።

ልጁ ቆመ። ፈረንጅ ማስጎብኘት ለምዶ ነው፤ ፈረንጅ ይህን አይጠይቅም።

«በ... በአውሮፓ፣ ጋሼ።»

«አንኮበር አውሮፓ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ከ1805 እስከ 1840 በል። ንጉሡ በገዛ ደጃቸው ላይ በሰው ዘመን አይጠሩ።»

ልጁ አመስግኖ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥር በተናገረ ቁጥር ጋሼን ቀና ብሎ ያያል፤ ጋሼም ራሳቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ነው የሚያልፈው። ኮረብታውን ሳንጀምር አስጎብኚው ተማሪ ሆኗል።

ዳገቱ ቀላል አይደለም። ደረጃ አለው፤ ደረጃው ማለቂያ የለውም። እትዬ መሐል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ነገሥታቱ ይህን ያህል የወጡት ማንም ብድር እንዳይጠይቃቸው ነው?» አሉ። ልጁ የቦታውን ለመከላከል መመቸት አስረዳ። ጠላት ከየትም ቢመጣ ይታያል አለ። እትዬ «ያልኩትም እሱን ነው» አሉት።

ላይ ስንደርስ የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ። ከላይ ሎጅ አለ፤ በጥንቱ አሠራር አምሳል የተሠራ። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ግን ከግንብ ቁራሽ በቀር የለም።

«ቤተ መንግሥቱ የታለ?» አለ ነጋዴው።

«እዚህ ላይ ነበር፣» አለ ልጁ፣ እጁን በአየሩ ላይ እያንቀሳቀሰ። ግብር ቤቱ በዚህ፣ አጥሩ በዚያ። አስጎብኚ ሁሉ ያለውን ያሳያል፤ አንኮበር ላይ የሚሠራ ልጅ ግን የሌለውን ማሳየት አለበት። ይህ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። አየር ላይ አዳራሽ ሠርቶ፣ ሰው አስገብቶ፣ ጠጅ አስቀድቶ፣ እንግዳው ግድግዳው እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍ እስኪያደርግ ድረስ መናገር ይጠይቃል። ልጁ ይህን ይችል ነበር። ያልቻለው እኛን ዝም ማሰኘት ነው።

«ማን አፈረሰው?»

«ምኒልክ ወደ ልቼ፣ በኋላም ወደ እንጦጦ ወጡ። በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱም ነጋዴውም ተከትሎ ሄደ...»

«እንግዲያ ያፈረሳት አዲስ አበባ ናት፣» አለ ነጋዴው። «የኛንም ሰንጋ የምትጨርሰው እሷው ናት።»

ምኒልክ ሲነሡ ደግሞ የት ተወለዱ የሚለው ተነሣ። ልጁ አንጎለላ አለ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836፤ ልክ ነው፣ ጋሼም ነቀነቁ። እትዬ ግን አልተቀበሉም። እምዬ ምኒልክ የተወለዱት አንኮበር ነው፤ አያታቸው ነግረዋቸዋል። ጋሼ መጽሐፍ ጠቀሱ። መሪጌታ ሌላ መጽሐፍ ጠቀሱ፣ እሱም አንጎለላ ይላል። እትዬ ሁለቱንም አዳምጠው «ጻፊዎቹ አዋልደዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ወንዶች ስለነበሩ አላዋለዱም። ነገሩ በእትዬ አሸናፊነት ተዘጋ።

ልጁ ብልህ ነው፤ ወሬውን ወደ ውጭ አገር ሰው አዞረው፤ ስለ ውጭ አገር ሰው አንከራከርም ብሎ ነው። በ1833 ከእንግሊዝ ሕንድ በሻምበል ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ቡድን በአፋር በረሃ አቋርጦ እዚህ ወጣ፤ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ገጸ በረከት አመጣ፤ በኅዳር 1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ነጋዴው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ጠመንጃውን በምን ለወጡት?»

«በ... ውሉን በመፈረም።»

«ወረቀት ሰጥተው መድፍ ተቀበሉ?»

«እንደሱ ማለት ይቻላል።»

ነጋዴው ቆቡን አውልቆ ወደ ግንቡ ቁራሽ እጅ ነሣ። በጉዞው ሁሉ ለታሪክ ክብር ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቀጥሎ ስለ አልዩ አምባ ገበያ ጠየቀ፤ ከታጁራ የሚመጣው ግመል እዚያ ሲራገፍ ቀረጡን ማን እንደሚሰበስብ፣ አሞሌው በስንት እንደሚመነዘር። ልጁ አንዳንዱን መለሰ። ያልመለሰውን ነጋዴው ራሱ በግምት ሞላው፤ በድምፁ እርግጠኛነት ግን ቀረጥ ሰብሳቢው እሱ የነበረ ነው የሚመስለው።

ሃሪስ ሁለት ዓመት ላልሞላ ቆይታው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ መጻፉን ጋሼ ጨመሩልን። እትዬ ይህ በጣም ገረማቸው። «እኔ ዕድሜ ልኬን እነዋሪ ኖሬ አንድ ገጽ የጻፈልኝ የለም» አሉ። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣቸው፤ ያ የጠየቁት ግን አልነበረም።

ከዚያ ልጁ ወደ ታች ወደ ልጥ ማረፊያ ጠቆመ። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከምኒልክ በተሰጣቸው ቦታ ላይ የምርምር ጣቢያ አቁመው ነበር፤ መሪያቸው አንቲኖሪም በ1874 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልብ አድርጉ፣» አሉ፣ «መጀመሪያ አበባና ወፍ እንሰበስባለን አሉ። ቀጥለው ካርታ አነሡ። በ1888 በመድፍ መጡ።» ከኛ መሐል በመሬት ልኬታ ክስ ላይ ያለ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ለኪ ሲመጣ ነው መጠንቀቅ» አለ፤ ከዚያም ስለ ገዛ ድንበሩ ሲያወራ ልጁም አብሮ ሰማ፤ ምርጫም አልነበረውም።

የወፍ ነገር ከተነሣ፣ ወፍ ፈላጊው እዚያው አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሁለት ፈረንጆች አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ገደሉን ያያሉ፤ እስትንፋሳቸውን ይዘዋል። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለች። ሳይንስ ያወቃት ገና በ1970ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነው። ፈረንጆቹ ባሕር ተሻግረው የመጡት ለእሷ ነው። እኛም ፈለግናት። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ሆና፣ ድንጋዩን መስላ፣ እህል ትለቅማለች። ነጋዴው ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። «ሥጋ የላትም» አለ በመጨረሻ።

ከፈረንጆቹ ጋር ያለው ሌላ አስጎብኚ አንድም ቃል አልተናገረም። በጣቱ ብቻ አሳየ፤ እነሱም አዩ። የኛው ልጅ ያን ሰው ባየበት ዓይን ውስጥ ቅናት ነበረ።

ከላይ ስንወርድ ቡድኑ ተበተነ። ጠዋት ወጣቱ ስለ አውሮፓው ጃንጥላ ሰምቶ ኖሮ ልጁን «ከፍ አድርገህ ያዝልንና እንከተልህ» ብሎት ነበር። ፀሐይዋ በረታች። መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ እትዬ ዘረጉ፤ ከደብረ ብርሃን የተከተሉን ሁለት ሴቶችም ዘረጉ። የትኛዋን ጃንጥላ እንከተል? ግማሹ መሪጌታን ተከትሎ ሚካኤልን ሊሳለም ሄደ። ነጋዴው ወደ ጎረቤላ የገበያ ዋጋ ሊጠይቅ ወጣ። ጋሼ አንድ የአካባቢ ተማሪ አግኝተው ስለ ዘመን አቆጣጠር ይፈትኑታል። ልጁ ቆቡን በእጁ ይዞ መሐል ላይ ቀረ።

እትዬ ግን ደክሟቸው ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ልጁን ጠሩት።

«ና የኔ ልጅ፣ አንተም ዛሬ ብዙ ለፋህ።»

ተቀመጠ። ቆሎ ዘገነ። እትዬም የቅድመ አያታቸውን ነገር ካቆሙበት ቀጠሉ። ሰንጋዎቹ አሁን አርባ ሆነዋል። ከጅሩ ተነሥተው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ እዚህ ዳገት ላይ ሲደርሱ መሪው ሰንጋ ለግሞ ተኛ። አርባውም ተኙ። ግብሩ ሊበላ ነው፤ መኳንንቱ ተሰብስቧል፤ ሥጋው ግን ዳገቱ ላይ ተኝቷል። ቅድመ አያታቸው አልመቱትም። የጅሩ ሰው በሬውን አይመታም፣ ይለምነዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በስሙ ጠሩት፤ እናቱን አነሡለት፤ ያረሰውን ማሳ፣ የበላውን ጭድ እየቆጠሩ አሞገሱት። ሰንጋው አለቀሰ። አልቅሶ ተነሣ። ንጉሡ ይህን ከላይ ሆነው ያዩ ነበርና ቅድመ አያታቸውን ካባ አልብሰው...

ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ተመልሰው ከበቧቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ የማናውቃቸው ወጣቶችም ቆመው ያዳምጣሉ። ጋሼ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለው ሊያቋርጡ ሲሉ እትዬ ቀድመው መለሱላቸው፦ «ማን ያውራ የነበረ! እርስዎ ነበሩ?» አልነበሩም። «እኔም አልነበርኩም። አያቴ ግን የአባቷን ካባ አይታለች።»

«እማማ፣» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «የትኛው ድንጋይ ነው?»

እትዬ ዙሪያቸውን አዩ። ድንጋዩ ብዙ ነው።

«ይኸው፣» አሉ፣ «የተቀመጥኩበት።»

ልጁ ተነሥቶ ድንጋዩን ዞሮ አየው። አንድ ጊዜ በእግሩ ነካ አደረገው። ምንም አልጻፈም፤ ልብ ብሎ ግን እንዳየው እኔ አይቻለሁ።

ክፍያ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። ነጋዴው «ማን ማንን ነው ያስጎበኘው? ሒሳቡ ከተሠራማ ልጁ ነው ለኛ የሚከፍለው» አለ። ጋሼ ደግሞ የእርማት ሥራቸውን ሳያስቡበት አልቀሩም። በመጨረሻ ሙሉው ተከፈለ፤ እንዲያውም ጉርሻ ተጨመረ፤ እትዬ የተረፈውን ቆሎና አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ሰጡት። ከሁሉ አብልጦ የሰጠው ግን ነጋዴው ነው፤ እንዳናየው ዞር ብሎ።

በመልስ ጉዞ ወጣቱ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ለምን እኛስ እነዋሪን አናስጎበኝም? ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም አለ፤ ምን እናሳያለን ብሎ። ሐውልት የለን፤ ግንብ የለን። ከዚያ ነጋዴው «ክምሩ!» አለ።

እውነቱን ነው። ጅሩን በመከር ወቅት ያላየ ሰው ክምር አይቻለሁ አይበል። ገበሬው ጭዱን ሲከምር በዓይኑ ይለካል፣ በመንሹ ያስተካክላል፤ ጎኑ ሲላግ፣ ጫፉ ሲሾል ይውላል፤ የጎረቤቱ ክምር ከበለጠበት አፍርሶ የሚጀምርም አለ። ዝናብ አይገባውም፤ ነፋስ አይነቀንቀውም። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ያነሣዋል። አስጎብኚው ግን ችግር አለበት፤ ቅርሱን ክረምት ሳይወጣ በሬው ይበላዋል። በሬውን ደግሞ አዲስ አበባ ትበላዋለች። በዓመቱ ሌላ ቅርስ ይሠራል። ጋሼ «የዓለም ቅርስ ይሁን ብለን ብናመለክት፣ መርማሪዎቹ እስኪመጡ ምን እናሳያቸዋለን?» አሉ። ነጋዴው «በሬውን» አለ። እነሱ ሲዘገዩስ? ነጋዴው መልስ አላጣም፤ ቁርጥ ቤት ይወስዳቸዋል።

አስጎብኚ ማን ይሁን በሚለው ላይ ግን ደነባን አልፈንም አልተስማማንም። ሁሉም ራሱን ጠቆመ።

ይህ ከሆነ ከከረመ በኋላ ነው፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእትዬ የእህት ልጅ ለበዓል መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንኮበር ሄዶ እንደነበር ያወራልን። ቡናው ፈልቷል፤ ጋሼም አሉ፤ እኔም አለሁ። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን አይተዋል፤ ወፊቱን ግን አላገኟትም።

«ደግሞ አንድ ድንጋይ አለ፣» አለ። «አላያችሁትም? የጅሩ ድንጋይ ይባላል። በ1862 ዓ.ም. የጅሩ ሰዎች ለምኒልክ መቶ ሰንጋ ሲነዱ ያረፉበት ነው። አስጎብኚው በደንብ አስረዳን። ሰንጋዎቹ አልቅሰው ነበር።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዓመተ ምሕረቱን የጨመረው አስጎብኚው ልጅ መሆን አለበት፤ እትዬ ያን ቀን ዓመት አልተናገሩም። ስልሳውንም ሰንጋ እንዲሁ። ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን። እትዬ ረከቦቱ ላይ አጎንብሰው ሁለተኛውን ይቀዳሉ፤ አልደነገጡም።

«ድንጋዩ እንዴት ነው?» ብለው የእህታቸውን ልጅ ጠየቁት።

«እንዴት ማለት?»

«አጥር ሠርተውለታል ወይ ነው የምልህ።»

«አጥርማ የለውም፤ መንገድ ዳር ነው።»

እትዬ ጀበናውን ወደ ቦታው መለሱና አዘኑ። «ይህን የሚያህል ታሪክ፣» አሉ፣ «እንዲህ ሜዳ ላይ ይጣላል?»